ስኳር፣ የመስማት ችግር፣ «ስትሮክ» እና የኩላሊት ሕመም በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ፦ የማይቶኮንድሪያ በሽታ እንዴት ይመረመራል?

የቀረበው ጥያቄ በአጭሩ የሚከተለው ነው። «ታናሽ እህቴ 34 ዓመቷ ነው። በ26 ዓመቷ ስኳር ተገኘባት፤ ቀጭን ናት፣ ኢንሱሊን ትወስዳለች። ከ30 ዓመቷ ወዲህ መስማት እየቀነሰባት መጥቷል። ባለፈው ዓመት በድንገት ከባድ ራስ ምታትና ማስታወክ ያዛት፣ የእይታዋ ግማሽ ጠፋ፣ ከዚያም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ መጣባት፤ ስትሮክ ነው ተባለ። አሁን ደግሞ በሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን ስለተገኘ ወደ ኩላሊት ሐኪም ተልካለች። እናታችንም ስኳር አለባቸው፣ ጆሯቸውም ይከብዳቸዋል፤ የእናታችን እህት በ40ዎቹ ዕድሜያቸው በልብ ሕመም አርፈዋል። አንድ ሐኪም የማይቶኮንድሪያ በሽታ ጠርጥሮ ደሟ ለጂን ምርመራ ወደ ውጭ አገር ተልኮ ነበር፤ ውጤቱ ‹አልተገኘም› ይላል። ታዲያ በሽታው የለም ማለት ነው? ቀጥሎስ ምን ይደረግ? እኔና ልጆቼስ?»

ከመጨረሻው ውጤት ልጀምር። በእህትዎ ዕድሜ ያለ ሰው ከደሙ ብቻ በተሠራ አንድ የጂን ምርመራ «አልተገኘም» ስለተባለ ከዚህ በሽታ ነጻ ነው ሊባል አይችልም። የጻፉት ታሪክ በጽሑፍ ምርመራ ለመስጠት የሚያበቃ ባይሆንም፣ በእኔ አስተያየት ጥርጣሬውን ለመተው ሳይሆን አጥብቆ ለመከታተል የሚያስገድድ ነው። አራቱን ሕመሞች አራት ሐኪሞች ለየብቻ ስላዩዋቸው እያንዳንዱ ለብቻው ተራ መስሏል፤ በአንድ ወረቀት ላይ ከእናትዎና ከአክስትዎ ሕመም ጋር ሲቀመጡ ግን ብዙ የነርቭ ሐኪሞች ወዲያውኑ የሚያውቁት መልክ ይይዛሉ።

ማይቶኮንድሪያ ከቀይ የደም ሴል በስተቀር በሁሉም ሴሎቻችን ውስጥ የሚገኙ፣ ከምግብና ከኦክስጅን ኃይል የሚያመነጩ ጥቃቅን አካላት ናቸው። በዚህም ምክንያት ሥራቸው ሲታወክ አስቀድመው የሚጎዱት ብዙ ኃይል የሚፈጁት አንጎል፣ ጡንቻ፣ ልብ፣ የውስጥ ጆሮ፣ የዓይን ሬቲና፣ ኩላሊትና ኢንሱሊን የሚያመነጩት የቆሽት ሴሎች ናቸው። ማይቶኮንድሪያ በሴሉ ኒውክለስ ውስጥ ካለው ዲኤንኤ የተለየ የራሳቸው ዲኤንኤ አላቸው፤ ርዝመቱ 16,569 ፊደል ሲሆን 37 ጂኖችን ይዟል። ይሁን እንጂ ለማይቶኮንድሪያ ሥራ የሚያስፈልጉት ፕሮቲኖች አብዛኞቹ የሚሠሩት በኒውክለስ ውስጥ ባሉ ጂኖች ነው፤ እስካሁን ከ300 በላይ የሆኑ የኒውክለስ ጂኖች ሲበላሹ የማይቶኮንድሪያ በሽታ እንደሚያስከትሉ ታውቋል። ስለዚህ «የማይቶኮንድሪያ በሽታ» የሚለው ስም የሚያጠቃልለው አንድ በሽታ ሳይሆን፣ ከሁለት የተለያዩ የውርስ ምንጮች የሚመጡ የብዙ በሽታዎች ስብስብ ነው።

የእህትዎ ታሪክ ከሁሉም በላይ የሚመስለው በማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ 3243ኛ ቦታ ላይ ኤ የተባለው ፊደል በጂ ሲተካ የሚመጣውን ነው። ይህ ለውጥ በ1990 በጃፓን ተመራማሪዎች የተገኘው «ሜላስ» ተብሎ በሚጠራው፣ ስትሮክ መሰል ጥቃት በሚያስከትለው በሽታ በተያዙ ሰዎች ላይ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1992 ይኸው ለውጥ ከእናት የሚወረስ ስኳርና የመስማት ችግር ባለበት የኔዘርላንድስ ቤተሰብ ውስጥም ተገኘ። አንድ ቤተሰብ ውስጥ አንዷ በስኳር ብቻ፣ ሌላዋ በጆሮ ብቻ፣ ሦስተኛዋ በአንጎል ጥቃት የምትታመምበት ምክንያትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፦ በአንድ ሴል ውስጥ በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ቅጂዎች ሲኖሩ፣ ከእነሱ የተወሰኑት የተለወጡ፣ የቀሩት ጤነኛ ሊሆኑ ይችላሉ። የተለወጡት ድርሻ ከሰው ሰው፣ በአንድ ሰው ውስጥም ከአካል አካል ይለያያል። በአውስትራሊያና በእንግሊዝ በሕዝብ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ይህን ለውጥ በትንሽ መጠንም ቢሆን የሚሸከመው ሰው ከጥቂት መቶ ሰው አንዱ ያህል መሆኑን አሳይተዋል፤ አብዛኞቹ ግን ሕመሙ ሳይታይባቸው ይኖራሉ።

ከምልክቶቹ ውስጥ ስኳሩ ራሱ መረጃ ይሰጣል። በወጣትነት የመጣ፣ ቀጭን ሰው ላይ የታየና ከእናት ወገን የሚወርድ ስኳር ብዙ ጊዜ «ዓይነት አንድ» ወይም «ዓይነት ሁለት» ተብሎ ይመዘገባል። የዓይነት አንድ ስኳር መለያ የሆኑት ፀረ እንግዳ አካላት በደም ተፈልገው ካልተገኙ፣ በተለይ የጆሮ ችግር ደግሞ ካለ፣ ሐኪሙ ስለ ማይቶኮንድሪያ ማሰብ አለበት። የመስማት ችግሩ የነርቭ ዓይነት ሲሆን፣ በአብዛኛው በሁለቱም ጆሮ ቀጫጭን ድምፆችን ለመለየት ከመቸገር ይጀምራል፤ የእህትዎ የመስማት ልኬት ሰንጠረዥ ካለ ይህን ማየት ቀላል ነው። በሽንት ውስጥ የተገኘው ፕሮቲንም ለስኳር ብቻ መሰጠት የለበትም። ስኳሩ ዓይኗን ሳይጎዳ ኩላሊቷን ከጎዳ ይህ ያልተለመደ ነው፤ የ3243 ለውጥ የኩላሊትን ማጣሪያ በቀጥታ ሊጎዳ እንደሚችል ስለሚታወቅ፣ የኩላሊት ሐኪሟ ይህን ጥርጣሬ ማወቅ ይኖርበታል። ጆሮና ኩላሊት አብረው ሲታመሙ አልፖርት ተብሎ የሚታወቀው ሌላ የዘር በሽታ ነው ተብለው ለዓመታት የቆዩ ሕሙማን በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ተደጋግመው ተመዝግበዋል።

የቤተሰብ ታሪክ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በአገራችን በቀላሉ ከእጅ የሚያመልጠው ይህ ነውና። የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ የሚተላለፈው ከእናት ብቻ ነው። እኛ ግን የምንጠራው በአባት ስም ነው፣ የዘር ሐረግ ስንቆጥርም አብዛኛውን ጊዜ በአባት በኩል እንወጣለን፤ ስለዚህ አንድን የእናት መስመር የሚጋሩ አክስት፣ የአክስት ልጅና የልጅ ልጅ በካርድ ላይ ምንም የሚያገናኝ ስም የላቸውም። ለጋብቻ ሰባት ቤት መቁጠርም በዚህ ጉዳይ አይከላከልም፤ በሽታው እንዲተላለፍ ባልና ሚስት መዛመድ አያስፈልጋቸውም። እንዲህ እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ፦ አንድ ወረቀት ወስደው ከእናትዎ እናት ጀምረው ወንድሞቿንና እህቶቿን፣ ከዚያ እናትዎንና ወንድም እህቶቻቸውን፣ ከዚያ የአክስቶችዎን ልጆች ይጻፉ፤ የአጎቶችዎን ልጆች መተው ይችላሉ። ለእያንዳንዳቸው ስለ ስኳር፣ ስለ ጆሮ መክበድ፣ ስለ ልብ ሕመም፣ ስለ ሚጥል በሽታ፣ ስለ ዓይን ሽፋን መውደቅ፣ ስለ አጭር ቁመት፣ በልጅነት ስለሞተ ሕፃን፣ ደረጃ ሲወጡ እግራቸው ቶሎ ስለሚዝል ይጠይቁ። «በሽታ ነበረባት ወይ?» ብለው ከጠየቁ «የለም» ይባላሉ፤ «ስታናግሯት ደግማችሁ ትነግሯት ነበር ወይ?» ብለው ከጠየቁ ግን መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል። አክስትዎ ያረፉበት የልብ ሕመም ምን እንደነበር የሚገልጽ ወረቀት፣ በተለይ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ (ኢሲጂ) ወይም የኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ውጤት በቤት ውስጥ ቢገኝ ለሐኪሙ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ «ስትሮኩ» ስንመጣ፣ ፊልሙ እንደገና መታየት አለበት። በእውነተኛው ስትሮክ አንድ የደም ሥር ሲዘጋ የሚሞተው ያ ሥር የሚመግበው የአንጎል ክፍል ስለሆነ፣ ቁስሉ የሥሩን ድንበር ይዞ ይቀመጣል። በሜላስ የሚታየው ስትሮክ መሰል ቁስል ግን የደም ሥሮችን ድንበር አይከተልም፤ በአብዛኛው በአንጎል ኋላና ጎን፣ እይታ በሚተረጎምበት አካባቢ በላይኛው ንጣፍ ላይ ያርፋል፣ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ወደ ጎን ይሰፋል፣ ከዚያም ሊቀንስ ወይም ሊጠፋና በሌላ ቦታ ሊታይ ይችላል። እህትዎ ያጋጠማት ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ የእይታ ግማሽ መጥፋትና መንቀጥቀጥ በአንድነት ከዚህ ጋር በደንብ ይሄዳል። የመጀመሪያው ሲቲ ስካን ካለ፣ በአንጎል ጥልቅ ክፍል በሁለቱም ወገን የካልሲየም ክምችት መኖር አለመኖሩን የራዲዮሎጂ ሐኪሙ እንዲያይ ይጠይቁ፤ «ለጊዜው ትርጉም የለውም» ተብሎ የታለፈ ነጭ ነጥብ ሊሆን ይችላል። ኤምአርአይ በሚደገምበት ጊዜ መሣሪያው የሚችል ከሆነ በአንጎል ውስጥ የላክቴትን (ሴሎች ኃይል በአግባቡ ማመንጨት ሲያቅታቸው የሚከማች ንጥረ ነገር) መጠን የሚለካው ስፔክትሮስኮፒ የተባለው ክፍል ቢጨመር ጥሩ ነው። ለማወዳደር እንዲቻል ያለፈው ዓመት ምርመራ ሪፖርት ብቻ ሳይሆን ምስሎቹ በሲዲ አብረው መቅረብ አለባቸው።

የላክቴት ምርመራ ርካሽና ጠቃሚ ነው፤ በአወሳሰድ ስህተት የሚበላሽም ነው። ክንድ ላይ ላስቲክ ለረጅም ጊዜ ከታሰረ፣ ታካሚዋ እጇን ደጋግማ ከጨበጠች፣ ደሙ በላቦራቶሪ መስኮት ላይ ለአንድ ሰዓት ከቆየ፣ ወይም ከመንቀጥቀጥ በኋላ ወዲያው ከተወሰደ ጤነኛ ሰው ላይም ከፍ ይላል። አግባቡ ለግማሽ ሰዓት ያህል አርፋ ከተቀመጠች በኋላ ላስቲኩን ሳያስሩ ወይም ወዲያው ፈትተው መቅዳት፣ ፍሎራይድ ባለበት ግራጫ ክዳን ብልቃጥ ማድረግና በበረዶ ውስጥ ወዲያውኑ ወደ ላቦራቶሪ ማድረስ ነው። ውጤቱ በሊትር ከ2 ሚሊሞል በላይ ሆኖ ደጋግሞ ከተገኘ ጥርጣሬውን ያጠናክራል፤ ልክ ሆኖ ቢገኝ ግን በሽታውን አያስወግድም፤ ብዙ አዋቂ ሕሙማን በእረፍት ጊዜ የላክቴታቸው መጠን ልክ ነው። ለሌላ ምክንያት ከጀርባ ፈሳሽ የሚወሰድ ከሆነ እዚያው ላክቴት ቢለካ ከደሙ ይልቅ ስለ አንጎሉ የተሻለ ይናገራል። በአንዳንድ አገሮች ጂዲኤፍ 15 የተባለው የደም ፕሮቲንም ለማጣሪያነት ይለካል፤ ነገር ግን በኩላሊት ድካም፣ በልብ ድካም፣ በእርግዝናና ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት በሚወስዱ ሰዎች ላይም ስለሚጨምር፣ ኩላሊቷ በተነካው እህትዎ ላይ ብዙ አልመካበትም።

አሁን ወደ ጂን ምርመራው። መጀመሪያ የማደርገው የውጤቱን ወረቀት ማንበብ ነው፦ ምን ዓይነት ናሙና ነው፣ የትኛው ጂን ተመረመረ፣ በምን ዘዴ፣ ዝቅተኛው ሊያየው የሚችለው ድርሻ ስንት ነው? በኒውክለስ ያሉትን ጂኖች የሚያነብ «ኤግዞም» የተባለ ምርመራ ተሠርቶ ከሆነ የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤን በአስተማማኝ ሁኔታ አላነበበ ይሆናል። በድሮው የሳንገር ዘዴ ተሠርቶ ከሆነ ደግሞ ከ20 ከመቶ በታች የሆነውን ድርሻ ሊያልፈው ይችላል። እዚህ ላይ የ3243 ለውጥ አንድ ልዩ ጠባይ አለው፤ በደም ውስጥ ያለው ድርሻ በዕድሜ እየቀነሰ ይሄዳል፣ በየዓመቱም ካለበት በግምት 2 ከመቶ ያህሉን ያጣል። በጡንቻና በሽንት ቱቦ ሴሎች ግን እንደ ደሙ አይቀንስም። ለዚህ በሐኪሞች የሚሠራበት ማስተካከያ ስሌት አለ፦ በደም የተገኘው መቶኛ፣ 0.977 በዕድሜዋ ላይ 12 ተጨምሮ በሚገኘው ቁጥር ልክ በራሱ ተባዝቶ ለሚወጣው ውጤት ይካፈላል። እህትዎ 34 ዓመቷ ስለሆነ 0.977 በራሱ 46 ጊዜ ተባዝቶ 0.34 ገደማ ይሆናል፤ ስለዚህ በደሟ 12 ከመቶ ብቻ ቢገኝ፣ በዕድሜ የጠፋው ሲመለስ ድርሻው 35 ከመቶ አካባቢ ነው ማለት ነው። እናትዎ 60 ዓመት ከሆናቸውና በደማቸው 5 ከመቶ ከተገኘ፣ በዚሁ ስሌት ወደ 27 ከመቶ ይደርሳል። 12 ከመቶም ሆነ 5 ከመቶ በሳንገር ዘዴ ከታየ «አልተገኘም» ተብሎ ሊጻፍ የሚችል ቁጥር መሆኑን ልብ ይበሉ።

ስለዚህ ቀጣዩ ምርመራ ሽንት ነው። የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት በንጹሕ ዕቃ፣ 50 ሚሊ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ይወሰዳል፤ የሚፈለገው ፈሳሹ ሳይሆን በውስጡ የሚንሳፈፉት ሴሎች ስለሆኑ በሞቃት ቦታ ሳይቆይ በዚያው ቀን ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ ሽንቱን እንዳለ ከመላክ ይልቅ በማሽን አሽከርክሮ ሴሎቹን ከታች አስቀርቶ እነሱን አቀዝቅዞ፣ ወይም ዲኤንኤውን እዚሁ አውጥቶ መላክ ይሻላል፤ ይህን ተቀባዩ ላቦራቶሪ አስቀድሞ እንዲገልጽ ይጠይቁ። የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን ካለ አስቀድሞ ይታከም፤ በብዛት የሚመጡት ነጭ የደም ሴሎች ውጤቱን ወደ ደሙ ስለሚያስጠጉት ነው። ናሙናው ጥቃቅን ድርሻዎችን በሚያይ ዘመናዊ ዘዴ፣ ለ3243 ብቻ ሳይሆን ለመላው የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ እንዲነበብ ማዘዝ፣ ከበጀት ጋር የሚስማማ ከሆነ፣ ሁለተኛ መላክን ያስቀራል። የእናትዎ ሽንትም አብሮ ቢላክ ይጠቅማል።

ሽንቱም ባዶ ከሆነ የጡንቻ ናሙና ይመጣል። ከጭን ጡንቻ በአካባቢ ማደንዘዣ የሚወሰድ ትንሽ ቁራጭ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ሥር በልዩ ቀለም ሲታይ ዳር ዳሩ በቀይ የተሞላና የተቦጫጨቀ የሚመስል የጡንቻ ክር፣ እንዲሁም ኮክስ የተባለው ኤንዛይም የጠፋባቸው ክሮች ይፈለጋሉ። በዕድሜ የገፋ ጤነኛ ሰው ላይም ጥቂት ሊታዩ ስለሚችሉ፣ በ34 ዓመት ላይ መገኘታቸው ክብደት አለው። ሐኪሞቹን አጥብቄ የማሳስበው ናሙናው ከመወሰዱ በፊት የት እንደሚላክና እንዴት እንደሚቀዘቀዝ እንዲወሰን ነው። በልማድ ፎርማሊን ውስጥ የተጨመረ ጡንቻ ለኤንዛይም ምርመራ አይሆንም፤ ታካሚዋ ተቆርጣ፣ ቁስሉ ድኖ፣ መልሱ ግን ሳይገኝ ይቀራል። ወዲያው የሚቀዘቅዝበት ሁኔታ በሌለበት ቦታ ናሙናውን ባይወስዱ እመርጣለሁ። ከጡንቻው የሚወጣው ዲኤንኤ በደም የማይታዩ ትልልቅ ቁርጥራጮች የጎደሉበትን ዓይነት በሽታም ያሳያል።

ከዚህ ቀጥሎ የኒውክለስ ጂኖች ይነበባሉ፤ ከእነሱ መካከል ፖልጂ የተባለው በአዋቂዎች ላይ በብዛት የሚገኘው ነው። የውጤቱ ትርጓሜ ላይ ለኢትዮጵያውያን ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የዓለም ላቦራቶሪዎች የሚያወዳድሩበት የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ በ1981 በካምብሪጅ የታተመውና በኋላ የታረመው፣ ከአውሮፓ የእናት መስመር የተወሰደው ነው። የኢትዮጵያውያን የእናት መስመር ግን «ኤል» ተብለው የሚጠሩ ብዙ ጥንታዊ የአፍሪካ ቅርንጫፎችን፣ እንዲሁም እንደ «ኤም 1» ያሉ ሌሎች ቅርንጫፎችን ይዟል፤ አንድ ጤነኛ ሰው ከዚያ ማወዳደሪያ በአስር በሚቆጠሩ ፊደላት ቢለይ የዘር ሐረጉ ነው እንጂ በሽታ አይደለም። ስለዚህ «ትርጉሙ ያልተረጋገጠ ለውጥ» የሚል ረጅም ዝርዝር የያዘ ወረቀት ቢመጣ አትደንግጡ፤ የዘር ሐረጉን ቅርንጫፍ ለይቶ የሚተረጉም ባለሙያ ይየው። ለላቦራቶሪው የእናት ወገን ትውልድ ከየት እንደሆነ መጻፍም ይረዳል።

የማይቶኮንድሪያ ጥርጣሬ ሌሎችን እንዳያስረሳ እለምናለሁ፤ በተለይ የሚታከሙትን። ስኳር፣ የመስማት ችግርና የደም ማነስ አብረው ካሉ በታያሚን (ቫይታሚን ቢ 1) የሚሻል አንድ የዘር በሽታ አለ፤ ስለዚህ የእህትዎ የደም ምርመራ ላይ ትልልቅ ቀይ ሴሎች መኖር አለመኖራቸው ይታይ። በአንጎል ጥልቅ ክፍል በሁለቱም ወገን ቁስል ካለ በተለይም በልጆች ላይ፣ በመጀመሪያ በሳዑዲ ዓረቢያ የተገለጸውና ባዮቲን በተባለው ቫይታሚንና በታያሚን የሚታከመው በሽታ ውጤት ሳይጠበቅ ሊታከም ይገባል። ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ)፣ ደምን የሚያረጋው የፀረ ፎስፎሊፒድ ሕመም፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝና የአንጎል የደም መልስ ሥር መዘጋትም ተፈልገው ይወገዱ። በኤችአይቪ መድኃኒት ላይ የነበረ ወይም ያለ ሰው ከሆነ ደግሞ የትኞቹን መድኃኒቶች እንደወሰደ ይጠየቅ፤ ስታቩዲንና ዚዶቩዲን ራሳቸው ማይቶኮንድሪያን በመጉዳት የዘር በሽታን የሚመስል የጡንቻ ድካም፣ የላክቴት መጨመርና የነርቭ ጉዳት ያስከትላሉ። ስታቩዲን በአገራችንም በሰፊው ይታዘዝ እንደነበር መዘንጋት የለበትም።

የጂን ውጤቱ እስኪመጣ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ፤ የአካላቱ ምርመራ ግን አይጠብቅም። ኢሲጂና ኤኮ በዚህ ወር ይደረጉላት። የልብ ጡንቻ መወፈርና የልብ ምት መስመር ችግር በዚህ በሽታ የሚሞቱ ሰዎች ዋና ምክንያቶች ከሆኑት መካከል ናቸው፣ የአክስትዎም ታሪክ ያስጨንቀኛል። የዓይን ሐኪም ከስኳር ጉዳት የተለየውን በሬቲና መሐል የሚታይ ቀለም ለውጥ ይፈልግ። ሆድ ድርቀትና የሆድ መነፋት ካለባት በዝምታ አይታለፍ፤ አንጀትም ጡንቻ ነው፣ ሕመሙ አንዳንድ ጊዜ የአንጀት መዘጋት መስሎ ሰውን ወደ ቀዶ ሕክምና ያደርሳል።

መድኃኒቶችን በተመለከተ፣ ምርመራው ባይረጋገጥም ጥርጣሬው ካርዷ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ለሚጥል በሽታው ቫልፕሮዌት እየወሰደች ከሆነ ሐኪሟ ዛሬ ነገ ሳይል እንዲያስብበት ይነገረው፤ በተለይ የፖልጂ ችግር ባለበት ሰው ላይ ጉበትን ሊገድል ይችላል። ሌቬቲራሲታም በአብዛኛው የተሻለ ምርጫ ነው። ነገር ግን የሚጥል መድኃኒት በራስ ውሳኔ በድንገት ማቆም ራሱ አደገኛ ስለሆነ ለውጡ በሐኪም ብቻ ይደረግ። ሜትፎርሚን የላክቴት አሲድ ስለሚያከማች አይመከርም። ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን የተባሉት አንቲባዮቲኮች ቀድሞ የተጎዳን ጆሮ ጨርሰው ሊያደነቁሩ ስለሚችሉ፣ ሌላ አማራጭ ካለ አይሰጡ። ሊኔዞሊድ የተባለው አንቲባዮቲክ ለረጅም ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ ላክቴት መከታተል ያስፈልጋል። ለረጅም ሰዓት ምግብ አለመብላት ጥቃቱን ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም እስከ ማታ የሚቆይ ጾም ለእህትዎ አይሆናትም፤ ይህን ከንስሐ አባቷ ወይም ከኢማሟ ጋር ተነጋግራ እንድትፈታው እመክራለሁ። ትኩሳት፣ ተደጋጋሚ ማስታወክ፣ አዲስ የራስ ምታት ከእይታ ለውጥ ጋር፣ ወይም የማይቆም የእጅ ወይም የፊት መንቀጥቀጥ ከመጣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለባት፤ ስትሮክ መሰሉን ጥቃት በብዙ ሁኔታ የሚያባብሰው ያልተገታ የሚጥል በሽታ ነውና እሱን ፈጥኖ ማቆም ከሁሉም ይቀድማል።

ለሥር መሠረቱ እስካሁን የሚፈውስ መድኃኒት የለም። ኮኤንዛይም ኪው 10 እና ኤል-አርጂኒን በብዙ ቦታ ይሰጣሉ፤ የኪው 10 እጥረት በጂን ለተረጋገጠባቸው ጥቂት ሰዎች ውጤቱ እውነተኛ ነው፣ ለሌሎቹ ማስረጃው ደካማ ነው። ለዚህ ብላችሁ ከውጭ ውድ ዕቃ ከማስመጣታችሁ በፊት ገንዘቡን ለሽንት ምርመራውና ለልብ ክትትሉ እንድታውሉት አሳስባለሁ። ምርመራው ባይፈውስም ብዙ ነገር ይለውጣል፦ የተከለከለው መድኃኒት ይታወቃል፣ የልብ ምት ችግር ሳይገድል ይያዛል፣ የመስሚያ መሣሪያ ወይም የውስጥ ጆሮ ተከላ ይታሰባል፣ ኩላሊቱ በጊዜ ይጠበቃል።

ለእርስዎና ለልጆችዎ። የ3243 ለውጥ ከተረጋገጠ፣ እርስዎም የእናትዎ ልጅ ስለሆኑ ሊሸከሙት ይችላሉ፤ ድርሻው ከእህትዎ ያነሰም የበለጠም ሊሆን ስለሚችል ሽንት፣ የደም ስኳር፣ የመስማት ልኬትና ኢሲጂ እንዲያሠሩ እመክራለሁ። እህትዎ ልጆች ካሏት የእነሱ ጉዳይ ከዘር ምርመራ አማካሪ ጋር በጥንቃቄ ይታያል፤ ሕመም የሌለበትን ልጅ ለማወቅ ብቻ መመርመር ልጁ ራሱ ሊወስንበት የሚችለውን ጉዳይ ቀድሞ መወሰን ስለሚሆን እኔ አላበረታታም፤ የልጁን ጆሮ፣ ስኳርና ልብ መከታተል ግን ተገቢ ነው። ወደፊት መውለድ ካሰበች የእንቁላልን ማይቶኮንድሪያ በለጋሽ የመተካት ሕክምና በእንግሊዝ በ2015 በሕግ ተፈቅዶ፣ በዚህ መንገድ የተወለዱ 8 ሕፃናት ታሪክ በ2025 ታትሟል፤ በስፋት የሚገኝ አገልግሎት ግን አይደለም። እርስዎ አባታቸው ስለሆኑ ከእርስዎ ወደ ልጆችዎ የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ አይሻገርም፤ የእነሱ የሚመጣው ከእናታቸው ነው። ይህ ማረጋገጫ የሚሠራው ለውጡ በማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ውስጥ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው፤ መንስኤው የኒውክለስ ጂን ሆኖ ከተገኘ የውርሱ ሕግ ስለሚለወጥ የልጆችዎ ጉዳይ በዚያ ውጤት መሠረት እንደገና መታየት አለበት።